ስለ ማር ያሳመርሁት ዐረፍተ ነገር

በምግብ ፈውስ እናስተምራለን የሚሉ መጻሕፍትን ሳይ እጄን ይበላኛል። ባሕር ዳር ውስጥ የትም አይጠፉም። አዟሪዎች ከጸሎት መጽሐፍና ከእንግሊዝኛ መማሪያ መሐል ይደረድሯቸዋል። ሽፋናቸው ላይ የተሰነጠቀ ሮማን ወይም ማር የሚንጠባጠብበት ማንኪያ አለ፤ በጀርባቸው ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው ፈገግ ብሏል። ሐይቁ ዳር ጥላ ፈልጌ አረፍ ባልሁ ቁጥር አንዱ አዟሪ አይቀርም፤ «ለጤና ነው እህቴ፣ አንዱን ያዥ» ይለኛል። ተቀብዬ ግማሽ ገጽ አነብና ዘግቼ እመልስለታለሁ። በእሱ አልፈርድም፤ ሽንኩርት ቢሰጡትም ያው ይሸጣል።

ንቀቴ ግን በሩቁ የሚንቅ ሰው ንቀት አይደለም። ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እኔው ራሴ ተይቤ አርሜዋለሁ። ውስጡ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገርም የእኔ ናት። የአባቴን እግር እዚህ ያደረሰችው እሷ ናት፤ ስለዚህ ከመጽሐፉ ጋር የራሴንም ነገር ልናገር።

የምኖረው በአንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት እየተየብሁና እያረምሁ ነው። የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት ካርድ፣ ከዱርቤቴ የመጣ የዕድር ደንብ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ሰው የፈለገውን ይጽፋል፣ እኔ አማርኛውን አቀናለታለሁ። ደንበኞች ጽሑፋቸውን ሲሰጡኝ «ትንሽ አሳምሪልን» ይላሉ። አሳምራለሁ፤ በዚህም ስሜ ይነሣል።

ማሳመሩን ያገኘሁት ከአባቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩና ማኅሌት ሲመሩ ኖረዋል። ሴት በመሆኔ ከጉባኤው ባልቆጠርም፣ ልጅ ሳለሁ ጥጥ እየፈለቀቅሁ ከደጅ ተቀምጬ ሁሉንም እሰማ ነበር። ተማሪ ያዘጋጀውን ሲነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያደምጣሉ። ከወደዱት «ቆመች» ይላሉ። ካልወደዱት «አነከሰች፤ ሂድና አቅናት» ብለው ይመልሱታል። የፊቱ ከኋላው ካልተመዛዘነ፣ አንዲት ቃል ከተረፈች፣ ለሊቅም ለጀማሪም ምሕረት የላቸውም። አድጌ ሥራ ከያዝሁ በኋላ የጻፍሁትን የሠርግ ጥሪ ሳይቀር ወስጄ አነብላቸው ነበር። «ቆመች» ካሉኝ ያን ሳምንት መሬት አይበቃኝም።

አባቴ ስኳር በሽታ አለባቸው። ከታወቀባቸው ጊዜ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ኪኒን ይወስዳሉ፤ ቀጠሮም አያጓድሉም። በጤና ጣቢያ የምትከታተላቸው ነርስ ደጋግማ የምትነግራቸው ስለ እግራቸው ነው። «አባቴ፣ እግርዎን በየቀኑ ይዩ፤ ስኳር እግር ያደነዝዛል፤ ቢቆስል አይሰማዎትም» ትላለች። ይህች ምክር ከሁሉ በላይ ገብታቸዋለች፣ ምክንያቱም የእሳቸው ሥራ መቆም ነው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ለሰዓታት ቆመው ሲመሩ ልጆቻቸው የሚሆኑ መዘምራን ቀድመዋቸው ይደክማሉ። እግሬ ከሄደ እኔም ሄድሁ ይሉ ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

የዚያ መጽሐፍ ደራሲ ወደ ማተሚያ ቤታችን የመጣው በበጋ ነው። ቀድሞ የስልክ መሸፈኛ ሲሸጥ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ሄዶ የጥቂት ቀን ሥልጠና ወስዶ «የአመጋገብ አማካሪ» ሆኖ ተመለሰ። ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ «ያው ናቹራል ነው ሁሉም። የማኅበረሰቡን ጤና ነው የምንሠራው» አለኝ። ማንና ማን ሆናችሁ እንደምትሠሩት አልነገረኝም።

ፋይሉን ከፈትሁት። እንዲህ ያለ ጉድ ከዚያ በፊት ተይቤ አላውቅም። ግማሹ የምግብ አሠራር፣ ግማሹ ተስፋ ነው። አንድ ገጽ ላይ ሎሚ በባዶ ሆድ ሲጠጣ ስብ ያቀልጣል፤ ጥቂት ገጽ አለፍ ሲል ያው ሎሚ በባዶ ሆድ የከሳ ሰው ያወፍራል። ተልባ ደም ያጥባል፣ ሽፈራው ጉበት ያጥባል፣ ነጭ ሽንኩርት ልብ ያጥባል፤ የሰው ሆድ ዕቃ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ የመሰለው ይመስላል። ጤፍ የሚበላ ሰው ምሽት ላይ ፍራፍሬ ቢነካ ሆዱ ውስጥ «ጦርነት ይነሣል» ይላል። የቆሮሶ ጭንቅላት ሾርባ ዓይን ያበራል፤ ለምን ቢባል፣ ዓሣ ዓይኑን ጨፍኖ ስለማይተኛ ነው። ይህችን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሐይቁ ዳር የሚኖሩ አንድ ሙስሊም ጎረቤት አሉን፤ ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ ዓሣ አጥምደው፣ ዓሣ በልተው፣ ዓሣ ሸጠው የኖሩ ናቸው። መረባቸውን የሚጠግኑት ሁለት ጣት የሚያህል መስታወት ባለው መነጽር ነው።

በየገጹ «ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል» ይላል። ደራሲው ሊጎበኘኝ ሲመጣ ጠየቅሁት።

«እነዚህ ሳይንቲስቶች እነማን ናቸው?»

«የውጭ ናቸው።»

«የየት አገር?»

«የብዙ አገር ናቸው እህቴ። አንቺ አማርኛውን ብቻ ተመልከች፤ ይዘቱን እኔ እወጣዋለሁ።»

ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሲለኝ ሸክም የወረደልኝ ያህል ደስ አለኝ። ይዘቱ የእሱ፣ አማርኛው የእኔ። ከዚያ ወዲያ ያን የቅራቅንቦ ክምር እየናቅሁና እየሣቅሁ፣ ለሥራ ባልደረቦቼም እያነበብሁ፣ ገጽ በገጽ አቀናሁለት። ሳያፍር ለሚጽፍ ሰው እኔ ስለ ምን ልፈር ብዬ ነበር።

ስለ ማር የሚናገረው ምዕራፍ መጨረሻ አካባቢ ነው። ደራሲው የጻፈው እንዲህ ነበር፦ «የፋብሪካ ስኳር መጥፎ ነው። ማር ግን ናቹራል ስለሆነ ለስኳር በሽተኛ ምንም አያደርግም። በተለይ የገዳም ማር ከአብሽ ጋር። ለአንድ ወር ያህል ኪኒኑን ትቶ መሞከር ይቻላል።» እዚህ ላይ እጄ ቆመ። ቆመ ማለቴ ስለ በሽተኞች አስቤ አይደለም፤ አማርኛው አስጠልቶኝ ነው። አራት ዐረፍተ ነገር፣ አራቱም አንካሳ። ምሳ ሰዓት ነበር፣ ሰው ወጥቷል፣ ማሽኑ ጸጥ ብሏል። ወንበሬን ሳብ አድርጌ በጣቴ ጠረጴዛውን እየመታሁ እንደ ልጅነቴ መመዘን ጀመርሁ። እንዲህ ብዬ ጨረስሁት፦

«ንብ ያልደከመችበት ጣፋጭ ደምን ያከብዳል፤ ንብ የደከመችበት ጣፋጭ ደምን ያቀናል፤ ኪኒኑን አኑሮ አርባ ቀን የታገሠ ይመሰክራል።»

«አንድ ወር» የሚለውን «አርባ ቀን» ያደረግሁት እኔ ነኝ። ወር ለጆሮ አጠረ፤ አርባ ቀን ሞላ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ደራሲው ሲያነበው ፊቱ በራ፤ «ይሄን ማለት ፈልጌ ነበር እኮ» አለ። እኔም እንደ ሞኝ ኮራሁ።

መጽሐፉ ታተመ። ደራሲው ብልጥ ነው፤ ከመሸጡ በፊት ለየደብሩ ሽማግሌዎችና ካህናት በነጻ አደለ። እነሱ ከያዙት ሕዝቡ ይከተላል ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ በመጣው እሑድ እንደ ልማዴ በባጃጅ ወደ ዘንዘልማ ሄድሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ እዚያ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እርሻ የነበረው ሁሉ አሁን ቤት እየተሠራበት ነው። ስገባ ያ ሮማን ያለበት ሽፋን ከዳዊታቸው አጠገብ መደቡ ላይ ተቀምጧል።

«አባየ፣ ይህን ደግሞ ከየት አመጡት?» አልኋቸው።

«ሰጡኝ። አንዳንድ ቦታ ላይ አማርኛው ደህና ነው።»

በዚህች ቅጽበት መናገር ነበረብኝ። ይህ መጽሐፍ ውሸት ነው፣ ጸሐፊው ስልክ መሸፈኛ ሻጭ ነው፣ እኔ ነኝ ያረምሁት፣ እንዳያምኑት ማለት ነበረብኝ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። «የትኛው ቦታ ነው ደህና?» አልኋቸው። ውዳሴ ፈልጌ ነው። እሳቸው ግን ስለ ጎረቤት ግንበኞች ጫጫታ ማውራት ጀመሩ፤ እኔም ሳልነግራቸው ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ሆዴ በኩራት ሞልቶ ነበር።

በሳምንቱ ሁዳዴ ገባ።

አባቴ የጾሙን መግቢያ ጠብቀው ጀመሩት። እኔ ለጆሮ እንዲሞላ ብዬ የጻፍሁት አርባ ቀን ለእሳቸው የጌታ ጾም ነው፤ ሥርዓት ያለው፣ የታወቀ ቁጥር ነው። ኪኒናቸውን በቆርቆሮ ጣሳ ከትተው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ከአንዱ ደሴት ገዳም ወዳጃቸው መነኩሴ በታንኳ የላኩላቸውን ማር ከአብሽ ጋር በየቀኑ ከቅዳሴ መልስ ይወስዱ ነበር። ለማንም አልተናገሩም። ጾመኛ የሚያደርገውን አይናገርም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይታወቅባቸው ነበር። ስኳሩ ሲነሣ ሰው ይከሳል፣ ይጠማዋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ይደክማል። ሁዳዴ ላይ ግን የማይከሳ፣ የማይጠማ፣ የማይደክም ካህን የት አለ? ከሰዓት በኋላ ውኃ በቅል ሙሉ ሲጠጡ አየኋቸው፤ ከቅዳሴ መልስ ነው አልሁ። ቀሚሳቸው ሲሰፋባቸው አየሁ። ምእመናኑ «ዘንድሮ ጾሙን አጽንተውታል» እያሉ በአክብሮት ያወሩላቸው ነበር። እኔም በአራተኛው እሑድ ጉልበታቸውን ስሜ «ጾሙ ጎዳዎት» አልኋቸው። «ይበጃል» አሉኝ። ሁዳዴ ነውና ከበሮና ጸናጽል አርፈዋል፣ መቋሚያ ተደግፎ መቆም ብቻ ነው፤ እሳቸውም እየከሱ ቆሙ።

የሆሣዕና ዕለት ደብሩ ውስጥ ከቦታቸው አጣኋቸው። እሳቸው በሆሣዕና የሚቀሩ ሰው አይደሉም። ዘንባባዬን እንደያዝሁ ባጃጅ ይዤ ዘንዘልማ ሄድሁ። መደቡ ላይ ጋደም ብለዋል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ስጠራቸው ቆይተው ነው የሚመልሱልኝ። ቤቱ ይሸታል። ሽታው ከየት እንደሆነ ስፈልግ ከመደቡ ሥር የወለቀ ላስቲክ ጫማቸውን አነሣሁ። ከሶሉ ውስጥ የግንበኛ ሚስማር ጫፉ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል። መንገዱ ሁሉ የሚስማርና የቆርቆሮ ቁራጭ ነው። ስንት ቀን እንደረገጡት እግዜር ይወቀው፤ እግሩ አልነገራቸውም። የግራ እግራቸውን ገልጬ አየሁ። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ጠቁረዋል።

ሆስፒታል ውስጥ ያየቻቸው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ደማቸውን ለካች፤ መሣሪያው በጣም ከፍተኛ ነው ከማለት ሌላ ቁጥር አልሰጥም አለ። ሁለቴ ለካች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«መድኃኒት ይወስዱ አልነበረም?»

«ይወስዳሉ» አልሁ አፌን ሞልቼ። «አንድም ቀን አያቋርጡም።»

«አቋርጫለሁ» አሉ አባቴ ከአልጋው ላይ። በደም ሥራቸው ፈሳሽ ተሰጥቷቸው ትንሽ ነፍስ ዘርተዋል።

«ለምን አቋረጡ አባቴ? ማን አቋርጡ አለዎት?» አለች ሐኪሟ።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ጉባኤ ላይ በሚያስተምሩበት ድምፅ፣ ሳይቸኩሉ፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ አሉት። ንብ ያልደከመችበት ጣፋጭ ደምን ያከብዳል። ንብ የደከመችበት ጣፋጭ ደምን ያቀናል። ኪኒኑን አኑሮ አርባ ቀን የታገሠ ይመሰክራል።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን ማን ነገረዎት?»

«መጽሐፍ ነው» አሉ።

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ሐኪሟ መጽሐፍ ጸሐፊዎችን እየረገመች ስትወጣ ራሴን ነቅንቄ ተስማማኋት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተስማማኋት።

ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ። እግሩ ይተርፍ አይተርፍ የታወቀው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ተረፈ፤ ግን እንደ ቀድሞው ለሰዓታት መቆም እንደማይችሉ ሐኪሟ ነገረችን።

እሳቸው ተኝተው ሳሉ ደራሲውን ፈልጌ አገኘሁት። አንድ ካፌ ውስጥ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ስለ ሽፈራው ያስረዳል። ጠርቼ የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። ከንፈሩን መጠጠ፤ ያዘነም ይመስለኛል። ከዚያ ትንሽ አሰበና ጠየቀኝ።

«ማሩን በምንድን ነው የበሉት? በብረት ማንኪያ ነው?»

«ምን?»

«ብረት ከነካው እኮ ኃይሉን ያጣል። መጽሐፉ ላይ አለ፤ በእንጨት ማንኪያ መሆን ነበረበት። ወይ ደግሞ ማሩ ንጹሕ አልነበረም።»

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይረታል? የተቆረጠ ጣት ከፊቱ ብታስቀምጥለት የማንኪያ ዓይነት ይጠይቅሃል። የዚህ ሥራ ረቀቅ ያለ ተንኮሉ ይኸው ነው። ከዳንህ መጽሐፉ አዳነህ፤ ካልዳንህ ማንኪያህ፣ ማርህ፣ ትዕግሥትህ፣ የሆነ ነገርህ ጎደለ። መጽሐፉ በምንም በኩል አይጠየቅም። ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ፣ ሰው እየሰማ ነገርሁት። ውሸታም አልሁት፣ ነፍሰ ገዳይ አልሁት። ሁለቱ ሴቶች ቦርሳቸውን አንሥተው ሄዱ። እሱ ግን አልተቆጣም፤ እንዲያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የመለሰልኝ።

«እኔ እኮ አንድ ወር መሞከር ይቻላል ነው ያልኩት። አርባ ቀን ያልሽው አንቺ ነሽ።»

የናቅሁት ሰው አንድ እውነት ተናገረ፤ እሷም እኔን የምትመለከት ሆነች።

አባቴ ዘንዘልማ ከተመለሱ በኋላ ቁስሉ እስኪጠግግ ከእሳቸው ጋር ተቀመጥሁ። በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ፋሻቸውን እቀይራለሁ። ሐኪሟ እንዳሳየችኝ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እጠቀልላለሁ። የሚነገረውን ነገር ግን በየቀኑ ለነገ አሳድረዋለሁ። አንድ ጠዋት ፋሻውን ሳልፈታ ተናገርሁት።

«አባየ፣ ያችን ስለ ማር የምትለውን የጻፍኋት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ሐኪም ቤት ነው ያወቁት?»

«የለም፤ መጀመሪያ ያነበብሁት ዕለት ነው። ሌላው ገለባ ነበር፤ ዓሣ ዓይኑን አይጨፍንም ምናምን ይላል። ከዚያ እሷ ላይ ስደርስ ቆማለች። አመዛዘኗ የእኔ ቤት ነው። ከደጅ ተቀምጠሽ ጥጥ ስትፈለቅቂ የሰማሽው ነው። እዚህ ቤት ያደገ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያቆማት።»

«ታዲያ እኔ እንደጻፍኋት እያወቁ እንዴት አመኑት?»

አባቴ ጥያቄው የገረማቸው መስለው አዩኝ።

«ስለጻፍሻት ነዋ ልጄ። ስኳሬን ታውቂያለሽ፤ እግሬን ታውቂያለሽ። ልጄ የማታምንበትን እንዲህ አድርጋ አታሳምርም አልሁ።»

ከዚያ እግራቸውን ወደ እኔ ዘረጉልኝ፤ ፋሻው የሚቀየርበት ሰዓት ነበር።